የቤት ሒሳብ፦ ውኃን ያለ ጨው ማለስለስ ያዋጣል?

የዚህ ወር የቤት ሒሳባችን ማንቆርቆሪያችን ታች ላይ ስለተጋገረው ነጭ ቅርፊት ነው። ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ሆኖም የቦይለር ኤለመንት ቶሎ ቶሎ የሚቃጠልበት፣ የሻወሩ ቀዳዳ የሚደፈንበት፣ ልብስ ሲያጥብ ሳሙናው አላረፋ የሚለው ቤተሰብ የዓመት ወጪውን ቢደምር ትንሽ እንዳልሆነ ያየዋል።

እዚህ ደብረ ማርቆስም ሆነ በአካባቢው ከተሞች ቦይለርና የልብስ ማጠቢያ ማሽን የገባባቸው ቤቶች በበዙ ቁጥር አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። «ሶፍትነር ላስገባ? ያለ ጨው የሚሠራም አለ ይሉኛል፤ እውነት ነው?» የሚል ነው። ሥራዬ ማርኬቲንግ በመሆኑ አንድ ዕቃ «ያለ ጨው» ተብሎ ሲቀርብ መጀመሪያ የምመረምረው ቃሉን ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ዕቃ የሚሸጠው በሚሠራው ሥራ ሳይሆን በተሰጠው ስም ነውና። ስለዚህ ዛሬ ስሙን ከሥራው ለይተን እንየው።

ነጩ ቅርፊት ከየት መጣ?

ዝናብ ሲወርድ ከማዕድን ነጻ ሊባል የሚችል ውኃ ነው። መሬት ውስጥ ሲሰርግ ግን ካልሲየምና ማግኒዢየም የተባሉትን ማዕድናት ከድንጋዩ እያሟሟ ይዟቸው ይሄዳል። እነዚህ ሲበዙበት ሳሙና አያረፋም፤ ሲፈላም ማዕድኑ ተለይቶ በዕቃው ላይ ይጋገራል። እንዲህ ያለውን ውኃ «ከባድ ውኃ»፣ ተቃራኒውን «ቀላል ውኃ» እንበለው።

የጎጃም ደጋ፣ ጮቄን ጨምሮ፣ በአብዛኛው ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ጥቁር ድንጋይ የተሸፈነ ነው። ከዚህ ድንጋይ የሚወጣው የጉድጓድና የምንጭ ውኃ በአመዛኙ የካልሲየምና የማግኒዢየም ባይካርቦኔት አለበት። ደጀንን አልፈን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ግን ድንጋዩ ይለወጣል፤ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፣ ከሥሩም ጂፕሰም አለ። ደጀን ላይ የሲሚንቶ ፋብሪካ የቆመው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ አንዱ ሰፈር ከምንጭ፣ ሌላው ከጥልቅ ጉድጓድ የሚጠጣ ከሆነ በአንድ ከተማ ውስጥ እንኳ የሁለት ቤት ውኃ ሊለያይ ይችላል። የጎረቤት ማንቆርቆሪያ ለእናንተ ማስረጃ አይሆንም ማለት ነው።

በአገራችን በከባድ ውኃዋ ስሟ የሚነሳው ድሬዳዋ ናት። እዚያ ዘመድ ያለው ሰው ቅርፊት ሞልቶት የጠበበ ቧንቧ ሳያይ አይቀርም። መቀሌም በኖራ ድንጋይ አገር ላይ የተቀመጠች ስለሆነች ይህን ችግር ታውቀዋለች። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣው ውኃ ከአቃቂ ጉድጓዶች ከሚወጣው የቀለለ ነው።

ክብደቱ የሚለካው በአንድ ሊትር ውስጥ ባለው የካልሲየም ካርቦኔት መጠን፣ በሚሊ ግራም ነው። እስከ 60 ድረስ ቀላል፣ ከ61 እስከ 120 መካከለኛ፣ ከ121 እስከ 180 ከባድ፣ ከ180 በላይ በጣም ከባድ ይባላል። የኢትዮጵያ የመጠጥ ውኃ ደረጃ እስከ 300 ይፈቅዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለውኃ ክብደት ጤናን መሠረት ያደረገ ገደብ አላስቀመጠም። ካልሲየምና ማግኒዢየም ሰውነታችን የሚፈልጋቸው ማዕድናት ናቸው። ስለዚህ «ውኃው ከባድ ነው» ማለት «ውኃው ቆሻሻ ነው» ማለት አይደለም። ጉዳቱ በዋናነት የቦይለር፣ የማሽንና የሳሙና ነው። ይህን መለየት ከሻጭ ማስፈራሪያ ያድናል።

ከመግዛት በፊት መለካት

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንዳይሆን፣ መጀመሪያ ችግሩ መኖሩን እናረጋግጥ። ለዚህ ሦስት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው የሳሙና ፍተሻ ነው። ሁለት ባዶ የውኃ ላስቲኮች ውሰዱ። በአንዱ የቧንቧ ውኃ፣ በሌላው የዝናብ ውኃ እስከ ግማሽ ጨምሩ። በሁለቱም እኩል የተፈቀፈቀ ተራ የልብስ ሳሙና ጨምራችሁ በደንብ ናጧቸው። የዝናቡ ላስቲክ በአረፋ ሲሞላ የቧንቧው ደፍርሶ አረፋ ካጣ፣ ውኃችሁ ከባድ ነው። ለዚህ ፍተሻ የዱቄት ኦሞም ሆነ ፈሳሽ ሳሙና አይሆንም፤ እነሱ የሚሠሩት ከባድ ውኃንም እንዲቋቋሙ ተደርጎ ነው።

ሁለተኛው የሎሚ ፍተሻ ነው። ከማንቆርቆሪያው ጥቂት ቅርፊት ፍቃችሁ የሎሚ ጭማቂ ወይም ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። ተንተክትኮ ከሟሟ የካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ በቀላሉ ይታከማል። ካልተንተከተከ ጂፕሰም ወይም ሲሊካ ሊሆን ይችላል፤ ከዚህ በታች የምናያቸው አብዛኞቹ ዘዴዎች ለእሱ አይረዱም።

ሦስተኛው ላቦራቶሪ ነው። የከተማችሁን ውኃ አገልግሎት የምርመራ ውጤት ጠይቁ። በአቅራቢያችሁ ዩኒቨርሲቲ ካለም የኬሚስትሪ ክፍሉ መለካት ይችል እንደሆነ አነጋግሩ። የራሱ ጉድጓድ ያለው ቤት ከክብደቱ ጋር ብረትንም ያስመርምር። ምክንያቱን ወደ ታች ታዩታላችሁ።

ባለጨዉ ሶፍትነር እንዴት ይሠራል?

ማኪያቶ የምንጠጣበት ካፌ ውስጥ ከማሽኑ ሥር የምትቀመጥ አነስተኛ ሲሊንደር አይታችሁ ይሆናል። ባሪስታው በየጊዜው ከፍቶ ጨው የሚጨምርባት እሷ ሶፍትነር ናት። ለቤት የሚሸጠው ትልቁ ዓይነትም አሠራሩ ያው ነው። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን የፕላስቲክ ፍሬዎች ካልሲየሙንና ማግኒዢየሙን ይይዙና በምትኩ ሶዲየም ይለቃሉ። ፍሬዎቹ ሲሞሉ በጨው ውኃ ይታጠባሉ፤ የያዙት ማዕድን ከጨው ውኃው ጋር ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። ከዚያ እንደገና ይጀምራሉ።

እውነቱን ለመናገር፣ የቤቱን ውኃ በሙሉ በእርግጥ ቀላል የሚያደርገው ይህ ዘዴ ነው። ሳሙናው ያረፋል፣ ቅርፊቱም ይቀራል። ዋጋው ግን ዕቃውን ስትገዙ በምትከፍሉት አያበቃም።

አንደኛ ጨዉ ራሱ አለ። አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን 300 ሊትር ይጠቀማል፣ የውኃው ክብደትም 250 ነው እንበል። በቀን የሚወገደው ማዕድን 75 ግራም ይሆናል። ለዚህ በኬሚስትሪው ስሌት ብቻ 88 ግራም ያህል ጨው ያስፈልጋል፤ በዓመት 32 ኪሎ ማለት ነው። በተግባር መሣሪያው የሚፈጀው የዚህን እጥፍ ያህል ስለሆነ ከግማሽ ኩንታል ያልፋል። አያቶቻችን አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚሁ ጎጃም፣ የጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ ስመ ጥር ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ቤት በዓመት ግማሽ ኩንታል ጨው ወደ ፍሳሽ ይለቃል ቢባል ማን ያምን ነበር?

ሁለተኛ ውኃው ነው። ፍሬዎቹ በየጥቂት ቀኑ ሲታጠቡ እንደ መሣሪያው መጠን በአንድ ጊዜ ከ100 ሊትር በላይ ሊፈስ ይችላል። ውኃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል አይደለም። ሦስተኛ ፍሳሹ የት ይደርሳል የሚለው ጥያቄ አለ። ጨዋማው ውኃ ወደ ጓሮ ከወረደ ለጎመኑም ለጌሾውም ጠላት ነው፤ ሶዲየም አፈሩን ያደርቀዋል፣ ውኃ እንዳያሰርግም ያደርገዋል።

አራተኛው ብዙ ሰው የማያስበው የግፊት ጉዳይ ነው። አብዛኞቹ የሶፍትነር ቫልቮች በትክክል ለመሥራት 1.5 ባር ያህል ግፊት ይፈልጋሉ። ሮቶ ከቧንቧው 10 ሜትር ከፍ ብሎ ቢቀመጥ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ገደማ ብቻ ነው። ሮቷችሁ 3 ሜትር ማማ ላይ ከሆነ 0.3 ባር ነው። ስለዚህ ፓምፕም መግዛት ሊኖርባችሁ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፓምፑም የለም።

የደም ግፊት ያለበት ሰው ካለስ?

ይህን ጥያቄ ከሌሎቹ የለየሁት እኛም ቤት ስላለ ነው። እናቴ የደም ግፊት አለባት። ስለ ሶፍትነር ሳወራ ሰምታ፣ «ልጄ፣ የጨው ነገር ወደዚህ ቤት አታምጪብኝ፤ ሐኪሙ ከወጡ ላይ እንኳ አስቀንሶኛል» አለችኝ። ባለቤቴ ደግሞ «እማዬ፣ ጨዉ እኮ ለማሽኑ እንጂ ለውኃው አይደለም» አላት። ሁለቱም በከፊል ልክ ናቸው።

ከመሣሪያው የሚወጣው ውኃ የወጥ ያህል ጨዋማ አይደለም፤ ሶዲየም ግን ይጨመርበታል። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የውኃው ክብደት 250 ከሆነ ከተለሰለሰ በኋላ በአንድ ሊትር 115 ሚሊ ግራም ያህል ሶዲየም ይጨመርበታል። በቀን ሁለት ሊትር ለሚጠጣ ሰው 230 ሚሊ ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ2,000 ሚሊ ግራም ሶዲየም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ይህም 5 ግራም ጨው ማለት ነው። ከውኃው ብቻ ከዚህ ከአሥር አንድ እጅ በላይ ይያዛል። ለጤነኛ ሰው ብዙ ላይሆን ይችላል። ጨው በሐኪም ለተከለከለ ሰው ግን ሽሮውም፣ ሻዩም፣ ቡናውም በዚያው ውኃ መሠራቱን አስቡ። ለሕፃን የዱቄት ወተት መበጥበጫም አይመከርም።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ባለጨዉን የምታስገቡ ከሆነ የወጥ ቤቱ ቀዝቃዛ ቧንቧ ከመሣሪያው በፊት ተጠልፎ ይምጣ፤ የቧንቧ ሠራተኛው ይህን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይወቅ። አንዳንድ ሻጮች በተለመደው ጨው ፈንታ የፖታሲየም ጨው ተጠቀሙ ይላሉ። እሱም የኩላሊት ሕመም ላለበትና አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችን ለሚወስድ ሰው አደጋ ስላለው ሐኪም ሳይጠየቅ አይሆንም።

«ያለ ጨው» የሚባሉትስ?

አንድ ሻጭ ስለ ዕቃው ሲያስረዳኝ፣ «እህቴ፣ ይኼ ያለ ምንም ጨው ውኃውን ልክ እንደ ዝናብ ውኃ ያደርገዋል» ብሎኝ ነበር። ይህ አባባል ትክክል አይደለም። ያለ ጨው የሚሠሩት የቤት መሣሪያዎች በአብዛኛው ውኃውን አያለሰልሱም፤ ካልሲየሙም ማግኒዢየሙም እዚያው ይቆያሉ። የሚሞክሩት ማዕድኑ ዕቃ ላይ እንዳይጋገር ማድረግ ነው። «ውኃ ማለስለሻ» ከማለት ይልቅ «ቅርፊት መከላከያ» ቢባሉ ይሻላል። ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። ሳሙና እንዲያረፋለት ብሎ የገዛ ሰው ያዝናል፤ ቦይለሩ እንዲቆይለት ብሎ የገዛ ግን ሊደሰት ይችላል።

የመጀመሪያው ዓይነት የክሪስታል ዘዴ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ያሉት ልዩ ፍሬዎች በውኃው ውስጥ የሟሟውን ካልሲየም በዓይን ወደማይታዩ ደቃቅ ክሪስታሎች ይለውጡታል። ክሪስታሎቹ ከውኃው ጋር ተንሳፈው ስለሚያልፉ በኤለመንቱ ላይ አይጋገሩም። ጨውም፣ መብራትም፣ የእጥበት ውኃም አይፈልግም። የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያለ ጨው የሚሠሩ ዘዴዎችን ጎን ለጎን ባወዳደሩበት ጥናት የተሻለውን ውጤት ያሳየው ይህ ነው። ድክመትም አለው። ብረትና ጭቃ ፍሬዎቹን ያበላሻሉ። ለዚህ ነው የጉድጓድ ውኃ ያለው ሰው ብረትን ያስመርምር ያልኩት። በእኛ አገር ውኃ ተቋርጦ ሲመለስ ደፍርሶ ስለሚመጣም ከፊቱ የጭቃ ማጣሪያ የግድ ነው። ፍሬዎቹም ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ውስጥ ይቀየራሉ። መለወጫው አገር ውስጥ ካልተገኘ ሲሊንደሩ ባዶ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ማግኔት ነው። ቧንቧው ላይ ታስሮ ወይም ሽቦ ተጠምጥሞበት ይሠራል ይባላል። ርካሽና ለመግጠም ቀላል በመሆኑ ማስታወቂያው ብዙ ነው። የጥናቶቹ ውጤት ግን እርስ በርሱ ይጋጫል፤ አንዳንዱ ጥቂት ለውጥ አየሁ ሲል ሌላው ምንም አላየም። ውኃ አንዴ ብቻ በሚያልፍበት የቤት ቧንቧ ላይ ልትተማመኑበት አይገባም። ገንዘቤን አላወጣበትም።

ሦስተኛው ፖሊፎስፌት ነው። የስኳር ፍሬ የሚመስሉ ክሪስታሎች ያሉበት ትንሽ ማጣሪያ ነው። በልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ወይም በቦይለሩ መግቢያ ላይ ይገጠማል። በጥቂት በጥቂቱ እየሟሟ ካልሲየሙ እንዳይጋገር ይይዘዋል። ዋጋው ከሌሎቹ ያነሰ ሲሆን በየጥቂት ወሩ መሞላት አለበት። ከ60 እና 70 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ፣ ውኃ ለረጅም ጊዜ በሚቆይበት ቦይለር ግን አቅሙ ይደክማል። ለመጠጥ በሚሄደው ቧንቧ ላይ አይግባ።

አራተኛው ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ከዕቃ ማጠቢያው ሥር የሚቀመጠው ማጣሪያ ነው። እሱ ማዕድኑን በእርግጥ ያስወጣል፤ ጨውም አይጠቀምም። ነገር ግን ለአንድ ሊትር የተጣራ ውኃ ከ2 እስከ 4 ሊትር ወደ ፍሳሽ ሊልክ ይችላል፣ ግፊትም ይፈልጋል። ለሻይና ለመጠጥ ካልሆነ በስተቀር ለቤቱ ሁሉ አይታሰብም።

ከጓዳችን የማይጠፉት

ከእነዚህ ሁሉ በፊት ብዙ ወጪ የማይጠይቁትን እንይ።

ማፍላትና ማስጠለል፦ የደጋው ውኃ ክብደት በአመዛኙ ከባይካርቦኔት ስለሚመጣ በማፍላት ይቀንሳል። ውኃውን አፍልታችሁ አቀዝቅዙት፤ ማዕድኑ ከታች ሲዘቅጥ ከላይ ያለውን ቀድታችሁ ተጠቀሙ። ለጀበናም ለሻይም ጥሩ ነው። ለባቄላና ለሽምብራም ይረዳል፤ በከባድ ውኃ ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጥራጥሬው ከዚህም የተነሣ ይዘገያል። ለመጠጥ የምታፈሉ ከሆነ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ቦታ ከተንተከተከ በኋላ ለ3 ደቂቃ መቆየት አለበት።

የዝናብ ውኃ፦ በደብረ ማርቆስ በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይጥላል፤ አብዛኛውም በክረምት ነው። 60 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት፣ ከአምስት አንዱ እጅ ባከነ ብንል እንኳ፣ በዓመት ከ60,000 ሊትር በላይ ሊያጠራቅም ይችላል። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ለመሙላት 42 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥቡ ይለፉ። ከዚያ በኋላ ያለው ለልብስ፣ ለፀጉርና ለማንቆርቆሪያ ተወዳዳሪ የለውም። ለመጠጥ ግን ሳይታከም አይሁን።

እንዶድ፦ እናቶቻችን ጋቢና ነጠላ በእንዶድ ሲያጥቡ ምክንያቱን በኬሚስትሪ አላስረዱንም፤ ምክንያት ግን ነበረው። ተራ ሳሙና ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ ወደ ነጭ ዝቃጭ ይለወጣል፤ አረፋው የሚጠፋውም ልብሱ የሚሻክረውም ለዚህ ነው። የእንዶድ አረፋ የሚመጣው ሳፖኒን ከተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ እሱ በካልሲየም አይዘቅጥም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩትም በዚሁ ተክል ምክንያት ነው። ለዚህ ሥራ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ቀንድ አውጣን የሚገድል ነገር ዓሣንም ይገድላልና እጣቢውን ወንዝ ውስጥ አትድፉ፤ ዱቄቱንም ከልጆች አርቁ።

ሎሚና ሲትሪክ አሲድ፦ ለማንቆርቆሪያ በአንድ ሊትር ውኃ አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ ጨምራችሁ አሙቁት። ግማሽ ሰዓት ካቆያችሁ በኋላ ሁለት ጊዜ አለቅልቁ። የአሉሚኒየም ማንቆርቆሪያ ከሆነ ብዙ አታቆዩበት፤ አሲዱ ብረቱን ይበላል። የሻወር ራሱን ደግሞ ኮምጣጤ ውስጥ አሳድሩት። አደራ የምለው፣ ሎሚም ሆነ ኮምጣጤ ከበረኪና ጋር ፈጽሞ እንዳይቀላቀል ነው። የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ መርዝ ነው።

ሙቀት መቀነስ፦ ውኃ በሞቀ ቁጥር ቅርፊቱ ይፈጥናል። የቦይለሩ ቴርሞስታት 75 ወይም 80 ላይ ከሆነ ወደ 60 ዲግሪ አውርዱት። ከ60 በታች ሲወርድ ደግሞ በቦይለሩ ውስጥ ባክቴሪያ የመራባት ዕድል ስላለ እዚያው ላይ ይቁም። በዓመት አንዴ ባለሙያ መብራቱን አጥፍቶ ቦይለሩን ይክፈት፤ ኤለመንቱን ያጽዳ፣ ታንኩን ከዝገት የሚከላከለውን የማግኒዢየም ዘንግም ይመልከት። ዘንጉ ሲያልቅ ዝገቱ ወደ ታንኩ ይዞራል።

ለማን የትኛው?

ተከራይ ከሆናችሁና ያላችሁ ማንቆርቆሪያና የሻወር ማሞቂያ ከሆነ ምንም መሣሪያ አትግዙ። ሎሚው፣ የዝናብ ውኃውና የቴርሞስታቱ ማስተካከያ ይበቋችኋል።

የራሳችሁ ቤት፣ ቦይለርና የልብስ ማሽን ካላችሁ፣ ክብደቱም ከ120 እስከ 180 ከሆነ፣ በማሽኑ መግቢያ ላይ ፖሊፎስፌትና የዓመት ጽዳት ይመጥናችኋል። ከ180 በላይ ከሆነ፣ መለወጫውም አገር ውስጥ የሚገኝ ከሆነ፣ የክሪስታሉ ዘዴ ሊታሰብ ይችላል፤ በተለይ ጨው የተከለከለ ሰው ባለበት ወይም ፍሳሹ ወደ ጓሮ በሚወርድበት ቤት። ካፌ፣ ሆቴል ወይም ልብስ ንጽሕና ቤት ላለው ግን ባለጨዉ ሶፍትነር አሁንም ተመራጭ ነው፤ የማኪያቶ ማሽን ቅርፊት አይታገሥም።

የልጆች ቆዳ ጉዳይም ይነሣል። «የልጅሽ ቆዳ የሚደርቀው በውኃው ነው፤ ሶፍትነር አስገቢ» የሚል ምክር ብዙ እናቶች ሰምተዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት 336 ኤግዚማ ያለባቸው ልጆችን ተከታትሎ፣ ቤታቸው ሶፍትነር የገባላቸው ከሌሎቹ የተለየ መሻሻል እንዳላሳዩ አረጋግጧል። ገንዘቡን ለቆዳ ሐኪምና ለቅባት ብታውሉት ይሻላል።

ሻጩን የምትጠይቋቸው አምስት ጥያቄዎች

1. ውኃዬን ያለሰልሰዋል ወይስ ቅርፊት ብቻ ይከላከላል? «ሁለቱንም» ካለ፣ የሳሙናውን ፍተሻ በፊታችሁ ያሳያችሁ።

2. በገለልተኛ አካል ተፈትኗል? በጀርመን የጋዝና የውኃ ማኅበር ያዘጋጀው «ደብልዩ 512» የተባለ ፍተሻ አለ። እሱን ለማለፍ መሣሪያው ቅርፊቱን ቢያንስ በ80 በመቶ መቀነስ አለበት።

3. ስንት ባር ግፊት ይፈልጋል? የሮቷችሁን ከፍታ ይዛችሁ ሂዱ።

4. መለወጫው በስንት ጊዜ ይቀየራል፣ ከየትስ ይገኛል? ዋጋውን ዛሬውኑ ጠይቁ።

5. የአምስት ዓመት ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? የመግዣውን ዋጋ፣ ጨዉን ወይም መለወጫውን፣ ውኃውን፣ ፓምፑንና የባለሙያውን ክፍያ በአንድ ወረቀት ላይ ደምሩ። ከዚያ ዛሬ በአምስት ዓመት ውስጥ ለኤለመንትና ለሳሙና ከምታወጡት ጋር አስተያዩት።

አንድ ነገር ደግሞ እንዳይረሳ። ከላይ ያየናቸው ቅርፊት መከላከያዎችም ሆኑ ባለጨዉ ሶፍትነር ጀርም አይገድሉም። ውኃችሁን ለመጠጥ የምታክሙበትን ልማድ እንዳታቋርጡ።

እኛ ቤት የወሰንነው እንዲህ ነው፦ ከጣሪያው የሚወርደውን ውኃ የሚቀበል ሁለተኛ ሮቶ ገዛን፤ ቴርሞስታቱ 60 ላይ ቆሟል፣ በማሽኑ መግቢያም ትንሿ ማጣሪያ ገብታለች። የእናቴ ሻይና ቡና የሚፈላው ከወጥ ቤቱ ቧንቧ በመጣ፣ ፈልቶ በተጠለለ ውኃ ነው። የእናንተ ቤት መልስ ከዚህ ሊለይ ይችላል፤ ሁለቱ የውኃ ላስቲኮችና የሳሙና ፍቅፋቂው ይነግሯችኋል።

በሚቀጥለው ወር በሌላ የቤት ሒሳብ እስክንገናኝ፣ ቸር እንሰንብት።